የቴይ ድልድይ ሲንኳኳ ማን ሰማ?

ስለ ቴይ ድልድይ ሲወራ ሁሌም የሚወቀሰው ነፋሱ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1879፣ እሁድ ማታ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ደንዲ ከተማ አጠገብ ከባድ አውሎ ነፋስ ነበር። ባቡሩ የቴይን ወንዝ እየተሻገረ ሳለ የድልድዩ መሐል ከነባቡሩ ውሃው ውስጥ ገባ። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው አልተረፈም። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ነፋሱ ላይ መጣል አይዋጥልኝም። ድልድዩ ከመውደቁ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ምልክት ሲሰጥ ነበር።

ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ድልድይ ነበር። በ1878 ተከፈተ። በዓመቱ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሻገሩበት፤ የነደፈውን ቶማስ ባውችንም “ሰር” አሉት። ምሰሶዎቹ ቀልጦ ከተቀዳ ብረት የተሠሩ ነበሩ። እንዲህ ያለ ብረት ሲቀዳ አንዳንዴ ውስጡ ቀዳዳ ይቀራል። ታዲያ ቀዳዳውን በሰም፣ በሙጫ፣ በጥላሸትና በብረት ብናኝ ድብልቅ ይደፍኑት ነበር። ሲደርቅ ብረት ይመስላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ድልድዩን እንዲጠብቅ የተመደበው ሄንሪ ኖብል የግንብ ሰው ነበር። የብረት ሥራ አያውቅም። ዋና ሥራውም ወንዙ የምሰሶዎቹን መሠረት እንዳይሸረሽር መከታተል ነበር። በኦክቶበር 1878 ምሰሶዎቹን የሚያያይዙት ብረቶች ላልተው ሲንኳኩ ሰማ። ሽብልቅ እየመታ አጠበቃቸው። ድምፁ ጠፋ። ለባውች ግን አልነገረውም። ሰውየው አልሰነፈም፤ የሰማውን ለማስቆም ሞክሯል። እኔ የምወቅሰው ያንን ሁሉ ብረት ለእሱ ብቻ ጥለው የሄዱትን ነው።

በ1879 ድልድዩን የቀቡት ቀለም ቀቢዎችም ባቡር ሲያልፍ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል። አንድ የደንዲ የቀድሞ ከንቲባ ባቡሩ ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ይበራል ብለው አቤት አሉ። ሰሚ ሲያጡ ወደ ደንዲ በዚያ ባቡር መመለሱን ተዉት።

መርማሪዎቹ በኋላ ነገሩን ፈልፍለው አወጡት። ባውች ለነፋስ ግፊት የተለየ ስሌት አልሠራም ነበር። የምርመራው ሊቀመንበር ሄንሪ ሮዘሪ ንድፉም፣ ግንባታውም፣ ጥገናውም መጥፎ ነበር ሲሉ ጻፉ። ባውች በ1880 ሞተ። በ1887 ሌላ ድልድይ ከጎኑ ተከፈተ፤ ባቡር እስከ ዛሬ ያልፍበታል። የአሮጌው ምሰሶ ጉቶዎችም አሁን ድረስ ከውሃው በላይ ይታያሉ።

የወደቀው ሎኮሞቲቭ ከወንዙ ወጥቶ፣ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመልሷል። የሟቾቹ ስም ግን ወንዙ ዳር በድንጋይ ላይ የተቀረጸው በ2013 ነው፤ ከ134 ዓመት በኋላ። የሚታወቁት 59 ናቸው። ለእኔ ቢሆን ከስማቸው ሥር ቀለም ቀቢዎቹ ለመርማሪዎቹ የሰጡት ቃልም ይቀረጽ ነበር።