ብዙ ሰው መጠየቅ ብቻውን አይበቃም

መምህር፣ ተማሪዎችዎን ስለ እምቦጭ መጠይቅ አስይዘው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ማሰማራትዎ ደስ ይላል። «የሚጠየቀው ሰው በበዛ ቁጥር ውጤቱ የሕዝቡን አስተያየት ይበልጥ ያሳያል» ያሉት ግን መታረም አለበት። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ልክ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መለሱለት። መጽሔቱም በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ! የስም ዝርዝሩ በአብዛኛው የተገኘው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ድሃው ስልክ ከየት ያመጣል? መልስ ለመላክ የተነሳሱትም ይበልጥ የላንደን ደጋፊዎች ነበሩ። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አወቀ።

ተማሪዎችዎም ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሻይ ቡና የሚሉ 500 ሰዎችን ቢጠይቁ፣ የሚያገኙት የተዝናኞችን ሐሳብ ነው። አረሙ የጠናበት የደምቢያና የፎገራ ገበሬ እዚያ የለም። ከየቀበሌው በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎች ከነዚያ 500 ይሻላሉ።

ጥያቄውንም አንዴ ይዩት። «እምቦጭን ማጥፋት ያለበት መንግሥት አይደለም ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማን «አይደለም» ይላል?