ማስተካከያ፦ ፊንላንድ አንደኛ የወጣችው በሳቅ አይደለም

«ፊንላንዳውያን በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚስቁ ሰዎች ናቸው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በየቴሌግራሙ እየዞረ ነው። ምንጬ የዓለም የደስታ ሪፖርት ነው ይላል። ሪፖርቱ ግን እንዲህ አላለም።

ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2025 በየዓመቱ አንደኛ መሆኗ እውነት ነው። ደረጃው የሚወጣው ግን ከአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሪፖርቱ የአሠራር ማብራሪያ ራሱ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው የጋሉፕ ድርጅት ጠያቂ «ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ መሰላል ያስቡ» ይላል። ጫፉ ለእርስዎ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት ነው፤ ታችኛው ደግሞ የከፋው። አሁን የትኛው እርከን ላይ ነዎት? በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ የሦስት ዓመት መልሶች አማካይ ይወሰዳል። ሰው ኑሮውን ረጋ ብሎ ሲመዝን የሚሰጠው መልስ ስለሆነ፣ ከፈንጠዝያ ይልቅ ወደ እርካታ ያደላል።

ሳቅ ለብቻው ይጠየቃል፦ «ትናንት ብዙ ፈገግ ብለዋል ወይም ስቀዋል?» መልሱ ደረጃው ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ ጋሉፕ እንዲህ ያሉ የዕለት ስሜቶችን ሲለካ ፓራጓይ በተደጋጋሚ ቀዳሚ ነበረች። ይሄን ግን ማንም ሼር አላደረገውም።

ገቢ፣ ጤና፣ ሙስና እየተባሉ የሚጠቀሱት ስድስት ነገሮችም ነጥቡን አይሠሩም። የሚገቡት በአገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለማብራራት ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው «ኢትዮጵያ ታች የሆነችው ሕዝቡ መሳቅ ስለማያውቅ ነው» የሚል ድምዳሜ መሠረት የለውም። ሰንጠረዡ የሚናገረው ሰዎች ለኑሯቸው ስንት ነጥብ እንደሰጡ ነው። ጽሑፉን ያጋራችሁ ካላችሁ ይህን ከሥሩ ጨምሩበት።