የገና አባት ሠረገላ ከነባልዲው በራችን ይምጣ?

ዲሴምበር ሲገባ በእንግሊዝ ከተሞች የገና አባት በመብራት ባሸበረቀ ሠረገላ ተቀምጦ በየሰፈሩ ይዞራል። ከጎኑ እንደ ሮታሪ፣ ላየንስና ራውንድ ቴብል ያሉ ክለቦች በጎ ፈቃደኞች ባልዲ ይዘው በር እያንኳኩ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበስባሉ። እዚያው የሚኖሩ ሁለት ወገኖቻችን በነገሩ ተከራክረዋል። ደጋፊዋ ከሠረገላው ጋር የምትዞር ናት፤ ተቃዋሚው በማዘጋጃ ቤት አፓርታማ የሚኖሩ አባት ናቸው።

ደጋፊ፦ ሠረገላው እኮ ሌላ ነገር አይደለም፣ አሮጌ ተጎታች ነው። ጣውላ ተመቶበት፣ ቀይ ተቀብቶ፣ አምፖል ተዘርግቶበት ላንድሮቨር ይጎትተዋል። ሥራው ግን ወራት ቀድሞ ይጀምራል። ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይወጣል፣ ኢንሹራንስ ይገባል፣ የየምሽቱ መንገድ በካርታ ተሠርቶ ለነዋሪው ይነገራል። ከዚያ ሥራ ውለው የደከሙ ሰዎች አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው በዝናብ ይራመዳሉ። የሚገኘው ገንዘብ ለችግረኛ ምግብ በነፃ ለሚያድለው የምግብ ባንክና የማይድን ሕመም የያዛቸውን ለሚንከባከበው ሆስፒስ ይሄዳል። በዚህ አገር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ደጅ ቆሞ የሚስቅበት ምሽት ስንት ነው? ባልዲው ደግሞ ማንንም አያስገድድም፤ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ እጁን አውለብልቦ ይገባል።

ተቃዋሚ፦ እኅቴ፣ ድካማችሁን አልነቅፍም። «ባልዲው ማንንም አያስገድድም» ያልሽው ግን አልዋጥልህ አለኝ። በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ልጅ ነው። ሙዚቃው ከሩቅ ሲሰማ የገና አባት መጣ ብሎ በፒጃማው ይሮጣል፤ ደጅ ላይ የሚያገኘው ባልዲ የያዘ ሰው ነው። እናት ከኋላው ትደርሳለች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለችው ገንዘብ ነገ ቆጣሪው ላይ የምትሞላት የመብራት ናት። በልጇ ፊት የለኝም ትበል? ጎረቤቴ ዘፈኑ ሲቀርብ የሳሎኑን መብራት አጥፍታ ልጆቿን ዝም ስታሰኝ አይቻለሁ። የሠረገላው ድምፅ ማጉያ በዚያ ሰዓት የተኛ ሕፃን መቀስቀሱም ሌላ ጣጣ ነው። መስጠት የፈለገ በስልኩ ይላክ።

ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ከማጉያው ልጀምር። በፈረንጆቹ 1974 የወጣው ሕግ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ድምፅ ማጉያ ይከለክላል፤ እኛ ከዚያ አስቀድመን እናጠፋለን። ስለ ማንኳኳቱም ሕግ አለ። ቤት ለቤት መሰብሰብ ከ1939 ጀምሮ በፈቃድ ነው፤ የ1947ቱ ደንብ ደግሞ ሰብሳቢ ሰውን እንዳያስቸግር፣ ሂድ ከተባለም ደጃፍ ላይ እንዳይቆም ያዛል። እርስዎ ለሚፈሩት ነገር መልሱ ይኸው። በስልክ ይላክ ያሉትንም ኮቪድ አስተምሮናል፤ ዛሬ ከባልዲው ጋር የካርድ ማሽን ይዘን ነው የምንዞረው። ግን ሰው መጥቶ ካላንኳኳ ማን ያስታውሳል? እኛስ ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬ እያልን በየደጁ ስንዞር ማንን ጎዳን?

ተቃዋሚ፦ ደንቡ የሚናገረው ሰብሳቢው እንዳያስቸግር ነው። ሰብሳቢው ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱን የሚያስጨንቃት የልጇ ዓይን ነው። ለዚያ የወጣ ደንብ ካለ አሳዪኝ። ሆያ ሆዬን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር። በቡሄ የሚጠይቀው ልጅ ነው፣ የሚሰጠው ዐዋቂ። ሙልሙል ከሌለ ዐዋቂው መርቆ ይሸኛል፣ የሚያፍር የለም። እዚህ የሚጠይቀው ዐዋቂ ነው፤ ልጁ መያዣ ሆኖ መሐል ይቆማል። አሁንም «አያስገድድም» ትያለሽ?

ደጋፊ፦ «መያዣ» የሚለው ቃልዎ አሳዝኖኛል። ልጅ አስይዞ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አይደለሁም፤ አብረውኝ የሚዞሩትም አይደሉም። ማታ ስንመለስ የሚሆነውን ልንገርዎ። የታሸገው ባልዲ በሁለት ሰው ፊት ይከፈታል። ሳንቲሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይለያል፤ የባለ 1 ፓውንዱ ሃያ በከረጢት፣ ከሁሉ የሚያንሰው የ1 እና የ2 ፔኒው የአንድ ፓውንድ በከረጢት፣ ባንክ በሚቀበለው ልክ። ሁለቱ ቆጥረው ይፈርማሉ። የትኛው ሰፈር በዞርን ማታ ነው የፔኒው ከረጢት የሚበዛው? እንደ እርስዎ ሰፈር ያለው ጋ። ልጆቹ ራሳቸው በእፍኛቸው ያመጡታል። ድሃ መስጠት አይወድም ያለዎት ማን ነው? እርስዎ ስለ እሷ ሆነው እያፈሩ ለመስጠት ያላትን መብት ይነፍጓታል። ደግሞም ሠረገላው ከሕንፃዎ ግቢ አይገባም፤ ተጎታቹ መዞሪያ ስለሌለው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ሰብሳቢዎቹ ብቻ ናቸው ደረጃ የሚወጡት።

ተቃዋሚ፦ ይኼን ከአፍሽ መስማቴ ጥሩ ሆነ። የገና አባት ከታች ይቀራል፣ ባልዲው ደረጃ ይወጣል! ባለ ግቢው ቤት ልጅ ከሠረገላው ሥር ፎቶ ይነሣል፣ ከረሜላ ይቀበላል። የኛ ሕንፃ ልጅ የሚደርሰው ባልዲው ብቻ ነው። በሩን ሲከፍት ፊቱ እንዴት እንደሚወድቅ አይቼዋለሁ፤ የእናትየውም። መስጠት መብቷ ነው አልሽ፤ እሺ፣ መብቷ ነው። መቀበልስ?

ደጋፊ፦ መጀመሪያ አትምጡ አሉ፣ አሁን ለምን አልመጣችሁም ይላሉ። የቱን ልያዝ? በጨለማ፣ ልጅ በተሰበሰበበት ጠባብ ግቢ ተጎታች ወደ ኋላ ማስነዳት አደጋ ነው። ማንም ቢቆጣ ያንን አላደርግም።

ተቃዋሚ፦ አትምጡ አላልኩም፤ ባልዲ ይዛችሁ አትምጡ ነው ያልኩት። ያልኩትን አስታውሺው። ተጎታቹ ካልገባ የገና አባቱ ወርዶ በእግሩ ይምጣ፣ ደረጃውን ይውጣ። ባልዲው ሠረገላው ዘንድ ይቆይ፤ የፈለገ ወርዶ ይጨምር።

ደጋፊ፦ የገና አባቱ አራት ፎቅ ወጥቶ እስኪወርድ በካርታው ላይ ሰዓት የተነገራቸው የሚቀጥለው መንገድ ልጆች ብርድ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለተኛ ልብስ ገዝተን ሌላ ሰው ለእናንተ ሕንፃ እንመድብ የሚል ሐሳብ ለክለቡ አቀርባለሁ፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ባልዲውን ከታች ማስቀረት ግን አልስማማም። ከታች ከቀረ ለምግብ ባንኩ የሚገባው ይጎድላል፤ ከዚያው ሕንፃ ወደ ምግብ ባንኩ የሚሄዱም አሉ።

ተቃዋሚ፦ እነሱን በሁለቱም በኩል አትያዣቸዋ። ከምግብ ባንክ የሚበላን ሰው ለምግብ ባንክ አምጣ ብሎ ማንኳኳት ምን ይሉታል? ልብሱን ግዙ፤ እኔም አዋጣለሁ። ባልዲ ይዞ ፎቃችን የሚወጣውን ግን ደረጃው ላይ ቆሜ እመልሰዋለሁ።