ለብሬከር አንንበረከክም

ጀግና የሚፈልግ ሰው ጅሬን ድረስ ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት አያስፈልገውም። እኛ ግቢ ይምጣ። ከአንድ ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መብራት ከሚቆርጠው ዕቃ፣ ጋር ተናንቀን ያሸነፍን ሰዎች እዚህ አለን።

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ጠዋት ነው። እትዬ እንጀራ ሊጋግሩ ምጣዱን ሰኩ፤ 3500 ዋት። ልጃቸው ከዚያው ማከፋፈያ ላይ ውሃ ማፍያውን ሰካች፤ 2000 ዋት። እኔም ሸሚዜን ልተኩስ ካውያዬን ይዤ መጣሁ፤ 1000 ዋት። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው፤ ሁሉ በአንድ ሶኬት። ብዙም ሳንቆይ ብሬከሩ ቀጭ! ብሎ ወረደና ሁሉም ጸጥ አለ።

ሌላ አገር ቢሆን “ለምን ወረደ?” ይባል ነበር። እኛ እንዲህ ያለ ነገረኛ ጥያቄ አናውቅም። አከራያችን ጋሼ ሄደው አነሡት። ወረደ። አነሡት። ወረደ። ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። ትዕግሥታቸው ያስቀናል።

ዘጠነኛው ላይ ጋሼ የቡና እንጨት ጠርበው እጀታው ሥር ወሸቁበት፤ በጥቁር ፕላስተርም ጠፈሩት። አሁንም ቀጭ! ለካ ብሬከር እጀታው ወደ ላይ ቢታሰርም ውስጥ ለውስጥ ይለቃል። ፋብሪካው ሆነ ብሎ እንዲህ ነው የሠራው። ይህን ያህል በደንበኛ አለመተማመን!

ከተከራዮቹ አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ያልተጠየቀውን መናገር ጀመረ። ሁሉንም ነቀለ። ብሬከሩን አነሣ፤ ቆመ። “ምንም ሳይሰካ ቢወርድ ኖሮ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ነው፣ ባለሙያ እንጠራ ነበር” አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ይሰካ ጀመር። ምጣዱ ብቻውን፣ እሺ። ማፍያው ሲጨመር፣ ቆይቶ ቀጭ። ወረቀት አውጥቶ ሦስታችንን ደመረ፤ 6500 ዋትን ለ220 ቮልት አካፈለ፤ ወደ 30 አምፔር መጣለት። ብሬከሩ የሚችለው 16 አምፔር ነው። “ምጣዱ የራሱ መስመር ይፈልጋል” አለ። ለዚህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ጋሼማ አንዱን ማንሻ በአንድ ሰከንድ ነው የሚያነሡት።

“ጋሼ፣ ብሬከሩ እኮ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ጭነት ሲበዛ ውስጡ ያለችው ብረት ትግልና ትጣመማለች፣ ያኔ ይለቃል።”

“ሽቦውን? ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው፣ ምን ሌባ ይደርስበታል ልጄ?”

መልስ አጣ። እኛም አጨበጨብን።

ደግሞስ እውነት ነው። ከዚሁ ከጅማ ብዙ ሳንርቅ ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጊቤን የገደበ ሕዝብ በጣት በምታክል ፕላስቲክ ይገደባል?

በማግስቱ ጋሼ መርካቶ ወርደው 40 አምፔር ገዝተው መጡ። “ትልቁን ስጠኝ” ነው ያሉት አሉ፣ ጫማ እንደሚገዛ ሰው። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ያው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትሩ ቀጭን ነው፤ እሱን የሚያየው ስለሌለ አልተቀየረም። ብሬከሩ ግን ተቀየረ፤ ጠባዩም አብሮ። ምጣድ፣ ማፍያ፣ ካውያ፣ አሁን ደግሞ የተማሪው ምድጃ (እሱም ተስፋ ቆርጦ ተቀላቅሎናል)፣ ሁሉም ባንዴ ይሠራሉ። ቀጭ የሚል ነገር የለም። እንዲህ ያለ ጨዋ ብሬከር አይቼ አላውቅም።

ሌላም በረከት አግኝተናል። የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ነው፤ ክረምቱ ይበርዳል። በሶኬቱ በኩል ያለው ግድግዳ ግን ለብ ይላል። እትዬ ጀርባቸውን ሲያማቸው እዚያ ተደግፈው ይቀመጣሉ።

ከሰሞኑ አመሻሽ ላይ የሆነ ሽታ አለ። እትዬ ቡና እየተቆላ ነው ይላሉ። ማን ቤት እንደሚቆላ ግን እስካሁን አላገኘነውም።