ቦርጭ ሆይ፣ ክበር!

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ፊት ያያል፣ ቀጥሎ ቀበቶ። ቀበቶው ከቦርጭ ሥር ከተሰወረ «ጋሼ፣ ተመችቶዎታል!» ይባላል፤ እሳቸውም ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው «ተመስገን» ይላሉ። ኪሎ የቀነሰውን ግን «ምነው ከሳህ? አሞህ ነው እንዴ?» ብለን ሳናስደነግጥ አናልፍም። እንዲህ ያለ ፈጣን ምርመራ በነፃ የሚሰጥ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባል።

ቦርጭማ ትጉህ ነው! እንዲያው የተኛ ስብ እንዳይመስላችሁ። አንጀትን የሸፈነው ሞራ ሲበዛ የስብ ሕዋሶቹ ያብጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ያኔ ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ሬሳውን ከበው ይሰፍሩና ቲኤንኤፍ አልፋ፣ አይኤል 6 የተባሉ የብግነት (ሰውነት ጉዳት ሲደርስበት የሚቆጣው ቁጣ) መልእክቶችን ይረጫሉ። ቁስል የለ፣ ትኩሳት የለ፤ ሰውነቱ ግን ዘመቻ ላይ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ በዝቶ አገኙት፤ ሲያግዱትም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ኢንሱሊን የተሻለ ሠራ።

ብግነቱ ጡንቻና ጉበት ሲደርስ ኢንሱሊን የሕዋሱን በር ያንኳኳል፣ የሚከፍት የለም። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመረተች ለዓመታት ስለምትሸፍን የጾም ስኳር 95 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ብሎ ሊያጽናና ይችላል። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው። አንዳንዱን ሰው አስቀድሞ አንገቱና ብብቱ ይጠቁርበታል፣ ቆዳውም ይሻክራል። እኛ በበኩላችን ሳሙና እንመክራለን።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ስንቅ አቀባዩ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የሚረጋውን ዘይት ለመለየት ላቦራቶሪ አያሻትም። ታኅሣሥ ጠዋት ጄሪካኑ ቢዘነበል ንቅንቅ አይልም፤ ወይ ከሰሉ አጠገብ ይጠጋል፣ ወይ በማንኪያ እጀታ ይፈለፈላል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ (በብርድ የሚረጋ) ስብ ነው፣ ብዙው ፓልሚቲክ አሲድ። ከመጠን ሲያልፍ ጡንቻ ውስጥ ሴራማይድ ወደተባለ ቅባት ይለወጣል፤ ሴራማይድ ደግሞ የኢንሱሊንን መልእክት መንገድ ላይ ያስቀራል። አጠገቡ ያለው የኑግ ዘይት በዚያው ብርድ ኩልል ይላል፣ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የማይረጋ ስብ ስለሚበዛው። «እሱ ነው ብግነት የሚያመጣው» የሚል ወሬ በየስልኩ ይዞራል። በሰው ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሊኖሌይክ አሲድ የብግነት ምልክቶችን ከፍ ሲያደርግ አልታየም፤ ወሬው የተወደደው ቅቤን ስለማይነካ ይሆናል።

ቅቤ ስንል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር 8 ግራም ገደማ ሳቹሬትድ ስብ አለው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 22 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ ጣሪያውን ይነቅላል፤ በፋሲካ ዶሮ ወጥ ላይ ሦስት ማንኪያ ብሎ መቁጠር ግን የቤቱን እመቤት መስደብ ነው። ተልባስ? ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 የተባለ የማይረጋ ስብ ነው፤ ተፈጭቶ ሲበላ እንጂ ፍሬው እንዳለ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። ቢሆንም ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ነውና ለጾም ተውነው።

የተከበረ ነገር ደግሞ ይለካል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዝ፤ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ይዙር፤ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ይነበብ። ወንድ 94፣ ሴት 80 ሳንቲሜትር ከደረሱ አደጋው ገብቷል። ሆድ መሳብ ክልክል ነው። የሱሪ ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም፤ ሱሪው የታጠቀው ከቦርጩ በታች ነዋ!

ቦርጭን የሚያዋርድ ጥናትም አልጠፋም። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሙከራ ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በተደረጉ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ በ58 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ለ85 ኪሎ ሰው 6 ኪሎ ገደማ፣ በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት መንገድ መሆኑ ነው። ባጃጅ ደጃፍ ድረስ እየመጣ ከጠባሴ ሰፈር በእግር መሄድ ግን ለባለ ቦርጭ አይመጥንም።