በጥር ሂዱ የሚሉን ለማን አስበው ነው?

ሰሞኑን አንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ በሬዲዮ ቀርበው፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ልጆች መስከረም አመለጠን ብለው እንዳይጨነቁ ሲመክሩ ሰማሁ። በጥርም ያው ነው፣ እንዲያውም የቪዛው ወረፋ ይቀላል አሉ። ቤቱን አስይዞ ልጁን ለሚልክ ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር እንደ ቀላል አይነገርም።

ወረፋ! የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ እኮ ትምህርቱ ከመጀመሩ እስከ 365 ቀናት አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። የቅበላ ደብዳቤውንና ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠውን አይ-20 የተባለ ቅጽ በጊዜ የያዘ ተማሪ በመጋቢትም በሚያዝያም ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል። ወረፋ የሚያንቀው በሐምሌ የሚሯሯጠውን ነው። የማመልከቻ ክፍያው በጥርም በመስከረምም ያው 185 ዶላር ነው፤ ከመስኮቱ ኋላ የሚጠየቀውም አይለወጥም። ሴሚስተርን በወረፋ የሚመርጥ ሰው የትምህርት አማካሪ ሊባል አይገባውም።

ዋናው ነገር ገንዘቡ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ ትምህርት ድጋፋቸውን በአብዛኛው የሚደለድሉት በመጸው፣ ማለትም በመስከረም አካባቢ፣ ለሚገቡ ተማሪዎች ነው። የብዙ ማስተርስና ዶክትሬት ፕሮግራሞች ማመልከቻ በኅዳርና በታኅሣሥ ይዘጋል፤ የረዳት መምህርነቱና የምርምር ረዳትነቱ ቦታም ለእነዚሁ አመልካቾች ይከፋፈላል። በጥር የሚደርሰው የተረፈ ካለ ይለቅማል፤ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። አይ-20 ቅጽ እጁ የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። በአንድ ወገን የትምህርት ክፍያውና የመኖሪያ ወጪው ተደምሮ ተቀምጧል፤ በሌላው ወገን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተዘርዝሯል። ከዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ድጋፍ ዜሮ ከሆነ ሸክሙ በሙሉ የግል ገንዘብ በሚለው መስመር ላይ ይወድቃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያቺ አንዲት መስመር ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነች አማካሪው አያውቁም? ያውቃሉ። ለአማካሪ ኮሚሽን የሚከፈለው ግን ተማሪው ሲመዘገብ ነው፤ ዘንድሮ ቢመዘገብ ለደላላው ይሻለዋል።

ወደ አውሮፓም ብንዞር ነገሩ ያው ነው። የብሪታንያ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል የሆነው የቼቭኒንግም ሆነ የአውሮፓ ኅብረቱ የኢራስመስ ሙንዱስ ተማሪዎች ትምህርት የሚጀምሩት በመጸው ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት መስከረም 21 በሚጀምረው ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ማመልከቻውም በአብዛኛው ሐምሌ 8 ይዘጋል።

ትምህርቱ ራሱም ቅደም ተከተል አለው። ምሕንድስና ሊማር በጥር የገባ ልጅ የአንድ ኮርስ ሁለተኛው ክፍል እየተሰጠ ሊደርስና የመጀመሪያውን እስኪያገኝ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ጓደኛ የሚያዝበት የትውውቅ ሳምንትም አልፎታል። ለቋንቋ ትምህርት ብቻ የሚሄድ በጥር ቢሄድ አልከራከርም።

የእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣው አዲሱ ዓመት አካባቢ መሆኑን አውቃለሁ። ታዲያ ልጁን በሦስት ወር አዋክቦ ወደማያውቀው ኮሌጅ መስደድ መፍትሔ ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያለው ምርጫ የሚቀጥለውን መስከረም ማለም ነው። ከአሁን እስከ ታኅሣሥ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ይፈተን፤ ከመምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤ ያሰባስብ፤ ትራንስክሪፕቱን ያረጋግጥ፤ ድጋፍ ለሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች በራሱ እጅ ጽፎ ያመልክት። ወላጆችም ለጥር ጉዞ የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት ቢመጣባችሁ፣ ባለፈው ጥር ከላካቸው ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ያገኘውን አንዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ እስኪያሳያችሁም ሳንቲም አትክፈሉ።