ያልተሠራው ላስ ቬጋስ ቅርስ ይባላልን?

የክርክሩ ርእስ፦ የሰው ልጅ ወደ ጠፈር በወጣበት ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ለላስ ቬጋስ ተነድፈው በወረቀት የቀሩ ሥራዎች፣ ከተሠሩት ሕንፃዎች እኩል ቅርስ ሊባሉ ይገባል ወይስ አይገባም? ሁለቱም ጸሐፊዎች የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

ላስ ቬጋስ የገዛ ሕንፃዋን በፈንጂ ስታፈርስ ርችት የምትተኩስ ከተማ ናት። በ1958 የተከፈተው ስታርደስት ሆቴል በ2007 ሌሊት ላይ ሲናድ ሕዝቡ እንደ በዓል ቆሞ ተመልክቶታል። ላንድማርክ ይባል የነበረው፣ በቀጭን ግንድ ላይ ክብ አክሊል የደፋ የሚመስለው ባለ 31 ፎቅ ሆቴል ደግሞ ግንባታው በ1961 ተጀምሮ ገንዘብ በማለቁ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ ቆመ፤ በ1969 ተከፈተ፤ በ1995 ፈረሰ፤ ቦታውም መኪና ማቆሚያ ሆነ። እንዲህ ባለች ከተማ የተሠራውንና ያልተሠራውን የሚለየው ጥቂት የዕድሜ ልዩነት ብቻ ነው፤ ዛሬ ላንድማርክን ማየት የሚፈልግ ሰውም የሚሄደው ፎቶግራፍና ሰነድ ፍለጋ ወደ ቤተ መዛግብት ነውና።

በዚሁ ከተማ በሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የማርቲን ስተርን ጁኒየር ንድፎች ተቀምጠዋል። ስተርን በ1969 የተከፈተውን፣ ባለ ሦስት ክንፉ ቅርፁ በኋላ በብዙ ሆቴሎች የተቀዳውን ኢንተርናሽናል ሆቴልን የነደፈ ሰው ነው። በ1975 ደግሞ ዛናዱ የተባለ፣ ግድግዳው እንደ ተዳፋት የሚያዘነብልና በውስጡ ሰፊ ክፍት አዳራሽ ያለው ሆቴል ነደፈ። ሳይሠራ ቀረ፤ በታሰበበት ቦታ በ1990 የተከፈተው ኤክስካሊበር የተባለው የተረት ግንብ ነው። ሆቴልን በሙሉ በአንድ ተረት ዙሪያ የማነፅ ሐሳብ ከኤክስካሊበር 15 ዓመት ቀድሞ በወረቀት ላይ እንደነበረ የሚነግረን ይህ ንድፍ ነው። ይህን ቅርስ ካላልን የከተማዋን አስተሳሰብ በምን ልንከታተለው ነው?

ተቃዋሚ

እኅቴ የጠቀሱት ምሳሌ ራሱ ይቃወማቸዋል። በአንድ ጭብጥ ዙሪያ ሆቴል ማነፅን ለመረዳት ዛናዱ አያስፈልገንም፤ የሮማውያኑን ዘመን የሚያስመስለው ሲዛርስ ፓላስ በ1966 ተከፍቷል፣ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። ወረቀቱ የነገረን አዲስ ነገር የለም።

ዋናው ተቃውሞዬ ግን ሌላ ነው። ያልተሠራ ሕንፃ ዕዳ የለበትም፣ ውኃ አይጠጣም፣ ከበሩ ማንንም አይመልስም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በዚያ የጠፈር ዘመን ግን ስትሪፕ በሚባለው የከተማዋ ዋና የሆቴሎችና የቁማር ቤቶች ጎዳና ባሉት ሆቴሎች መድረክ ላይ የሚዘፍኑ ጥቁር አሜሪካውያን በዚያው ሆቴል እንዳያድሩ ተከልክለው ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ዌስትሳይድ፣ ይመለሱ ነበር፤ ክልከላውን ለማንሣት ስምምነት የተደረሰው በመጋቢት 1960 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው አርክቴክት ፖል ዊሊያምስ በዚሁ ዌስትሳይድ በርክሊ ስኩዌር ለተባለው ሰፈር 148 ቤቶችን ነደፈ፤ በ1954 እና በ1955 ተሠሩ። በረራም ክንፍም የማይመስሉ ዝቅ ያሉ መጠነኛ ቤቶች ናቸው። ነገር ግን ባንክና አከራይ ፊት ለነሣቸው ቤተሰቦች የወደፊቱ ጊዜ የመጣው በእነዚያ በሮች በኩል ነበር። ሰው ልጅ ያሳደገበትን ቤትና ማንም ያልረገጠውን አዳራሽ በአንድ ሚዛን አስቀምጠን እኩል ናቸው ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለሥዕሉ ውበት መሸነፍ ነው።

ደጋፊ

ስለ ሲዛርስ ፓላስ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ቀዳሚነቱን ለዛናዱ መስጠቴን አነሣለሁ። ዊሊያምስን በማንሣትዎ ግን ደስ ብሎኛል፤ ከእኔ ወገን የሚቆም ምስክር ነውና። በ1960ዎቹ ይኸው ሰው ስካይሊፍት ማጂ ካብ ለተባለ፣ ተሳፋሪዎችን ከመንገድ በላይ በሐዲድ ለሚያመላልስ የመጓጓዣ ሥርዓት ንድፍ ሠርቷል። አልተሠራም። ዛሬ ያለን ሞኖሬል፣ ማለትም በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡር፣ በ2004 የተከፈተ ሲሆን ከሆቴሎቹ ጀርባ ይሄዳል፤ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ መሐል ከተማ አይደርስም። የቀረውን አማራጭ ያላየ ሰው ያለውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበለዋል። በርክሊ ስኩዌርን ብቻ ይዘን ማጂ ካብን ብንተው ዊሊያምስን ከነደፈው ግማሽ ላይ ቆርጠን እናስቀረዋለን፤ ለጥቁር አርክቴክት ደግሞ ሥራ መከልከል በራሱ የታሪኩ አካል ስለሆነ፣ ያልተሠራው ዝርዝር ከሌላው አርክቴክት ይልቅ ለእሱ ይበልጥ ይናገራል።

ተቃዋሚ

ሞኖሬሉ አውሮፕላን ማረፊያ አለመድረሱን በሐዘን ቢጽፉትም፣ እኔ ታክሲ የምነዳ ሰው ስለሆንሁ እንጀራዬ ከዚያ ጉድለት እንደሚገኝ መደበቅ አልችልም። ይህን ለቀልድ አላነሣሁትም። ሐዲዱ ለምን በዚያ ቀረ የሚለውን ጥያቄ የዊሊያምስ ሥዕል አይመልስም፤ መልሱ ያለው በገንዘብ መዝገብ፣ በስብሰባ ቃለ ጉባኤና ከዚያ ጉድለት በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ነው። ስለዚህ ንድፉ በክብር የሚጠበቅ ሰነድ ይሁን እላለሁ፤ ስለ ተከለከለው ሥራ ያሉትንም ያለ ክርክር እቀበላለሁ። እኩል የሚለውን ቃል ግን አልቀበልም፤ የሚጠገን ጣሪያና የሚከፈል ሒሳብ ሲመጣ ለእኩልነቱ የሚወጣው ገንዘብ ከሕንፃው ላይ ይቀነሳልና።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። ዊሊያምስ በ1961 የሠራው ላ ኮንቻ ሞቴል ሊፈርስ ሲል፣ እንደ ዛጎል የታጠፈው የኮንክሪት እንግዳ መቀበያው በ2006 ስምንት ቦታ ተቆርጦ በመኪና ተጓጓዘ፣ ተገጣጥሞም ዛሬ የከተማዋ አሮጌ የመብራት ማስታወቂያዎች የሚጠበቁበት የኒዮን ሙዚየም መግቢያ ሆኗል። አዲስ አስመስሎ መሥራት ይቀል ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሰዎቹ ግን የተሰነጠቀውን፣ ሰው ሻንጣውን ያሳረፈበትን ኮንክሪት መረጡ፤ መጋጠሚያው የት እንደሆነ ለማየት ከተሳፋሪ ነፃ በሆንሁ ቁጥር ጎራ እላለሁ።